ያውቁ ኖሯል? የማሳው ካርቦን ገቢና ወጪ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

◆ የዓለም አፈር እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ብቻ ቢለካ 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ኦርጋኒክ ካርቦን ይዟል። በአየር ላይ ያለው ካርቦን ከዛፉ፣ ከሣሩና ከሰብሉ ሁሉ ካርቦን ጋር ቢደመር እንኳ ይህን አያህልም።

◆ ሰው ማረስ ከጀመረ ወዲህ ባሉት 12 ሺህ ዓመታት ከዚህ ክምችት ከ100 ቢሊዮን ቶን በላይ እንደባከነ በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ ስሌት ያሳያል። ብክነቱ የፈጠነው ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ነው።

◆ ቁጥሩን ወደ ማሳ እናውርደው። የአንድ ሄክታር፣ ማለትም የአራት ጥማድ ገደማ መሬት አፈር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 3,600 ቶን ያህል ይመዝናል። ከመቶው አንድ እጁ ካርቦን ከሆነ 36 ቶን ካርቦን አለበት ማለት ነው። ይህ ከ1 በመቶ ወደ 0.9 በመቶ ቢወርድ፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ኢምንት የሚመስለው ልዩነት 3.6 ቶን ካርቦን ነው። አንድ ቶን ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ አየር ላይ ሲወጣ 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሆን፣ ከዚያ አንድ ሄክታር የወጣው 13 ቶን ይደርሳል።

◆ አፈር ውስጥ የገባ ካርቦን እንደተቀበረ አይቀርም። ሥር፣ ገለባ ወይም ፍግ ሆኖ ይገባል፤ ባክቴሪያና ፈንገስ ይበሉታል፤ አብዛኛው ተመልሶ በእነሱ ትንፋሽ ይወጣል። ለአፈሩ የሚተርፈው የገቢና የወጪው ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ «ይህ አሠራር ካርቦን ያከማቻል» የሚል ሰው ሲገጥምዎ፣ ገቢውን ነው የጨመረው ወይስ ወጪውን የቀነሰው ብለው ይጠይቁት። ከዚህ በታች ያለውንም በዚሁ ጥያቄ ቢያነቡት ይቀላል።

◆ በእርሻ አፈር ውስጥ ካለው ኦርጋኒክ ካርቦን እስከ ግማሽ የሚደርሰው የሞቱ ረቂቅ ተሕዋስያን ቅሪት እንደሆነ ይገመታል። ገለባውን የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ ከሞቱ በኋላ ደግሞ በድናቸው ከሸክላ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይቆያል።

◆ ጥቁር አፈር ሁሉ ካርቦን የሞላው አይደለም። በበቾና በአድአ ሜዳ፣ በሌላውም አካባቢ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ዋልካ ወይም መረሬ፣ ጥቁረቱን አይቶ «ይህማ ብስባሽ ነው» የማይል የለም። ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ ካርቦኑ ከ2 በመቶ በታች ነው። እርጥብ ሲሆን የሚያብጠውና ሲደርቅ የሚሰነጠቀው የሸክላ ዓይነት ያችኑ ጥቂት ብስባሽ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ትንሿ ነገር አፈሩን ሁሉ ታጠቁረዋለች። በአንጻሩ በጅማ ወይም በከፋ ጫካ ሥር ያለ ቀይ አፈር፣ ቀይ እንደሆነ፣ ከዋልካው የበለጠ ካርቦን ሊይዝ ይችላል። መሬት በቀለም አይገዛም።

◆ ሸክላ አፈር ከአሸዋማ የበለጠ ካርቦን ይይዛል። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሆኑ ብስባሹ በገጻቸው ላይ ይጣበቃል፣ በመካከላቸውም ይሸሸጋል፤ ተሕዋስያኑ በቀላሉ አያገኙትም። ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት አፈርም እንዲሁ ነው። ሁሉንም የሚያስንቀው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ አፈር ነው፤ በዓለም ላይ የሚሸፍነው ቦታ ከ1 በመቶ ያነሰ ቢሆንም የያዘው ካርቦን ከድርሻው በላይ ነው። በስምጥ ሸለቆውና ዳር ዳሩን እንዲህ ያለ አፈር ይገኛል።

◆ ደጋው ከቆላው የበለጠ ካርቦን የሚይዘው ብዙ ስለሚበቅልበት ብቻ አይደለም። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የብስባሹ የመበላት ፍጥነት በግርድፉ እጥፍ ይሆናል። ቆላ ላይ አንድ ጋሪ ፍግ ጣሉ ማለት፣ ደጋ ላይ ከተጣለው በብዙ ቀድሞ ያልቃል ማለት ነው።

◆ ውኃ የተኛበት መሬት ካርቦን ያስቀምጣል፤ አየር ስለማያገኝ ብስባሹ የሚበላው በዝግታ ነው። ውኃው ሲጠነፈፍ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ሰው ምሥራቅ እንግሊዝ ሆልም ፌን የሚባለው ረግረግ ላይ የቆመውን የብረት ምሰሶ ይመልከት። በ1851 ገደማ ሲተከል ጫፉ ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል ነበር። አካባቢው ለእርሻ ተብሎ ተጠነፈፈ። ዛሬ ምሰሶው 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ወጥቶ ይታያል። ምሰሶው አላደገም፤ መሬቱ ነው የወረደው። ከፊሉ ውኃው ሲወጣ ተጨምድዶ ነው፣ የቀረው ግን ካርቦኑ በአየር ተበልቶ ጠፍቶ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ለበቆሎ ተብሎ የሚጠነፈፈው ረግረግም በዚሁ ሕግ ነው የሚተዳደረው።

◆ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የሚያውደው የአፈር ሽታ ከተሕዋስያን የሚወጣ ነው። በዚያው ሰዓት የማይሸት ነገርም ይወጣል። በርች የተባለ ተመራማሪ ኬንያ ሙጉጋ ላይ ሲሠራ፣ ደርቆ የከረመ አፈር ድንገት ሲርስ ተሕዋስያኑ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቁና ናይትሮጅንም አብሮ እንደሚፈታ በ1958 ጽፏል። ግኝቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በጋና ክረምት በሚፈራረቁበት አገር አፈር በየዓመቱ ይህን ወጪ ይከፍላል። ከዝናቡ ጋር ተሽቀዳድሞ የሚዘራ ገበሬም ያንን የተፈታ ናይትሮጅን ይሻማል።

◆ አሁን ወደ ፍግ። እንግሊዝ ውስጥ ሮታምስቴድ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ። ጆን ቤኔት ሎውስና ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት በ1843 ብሮድባልክ በተባለው ማሳ ላይ የጀመሩት የስንዴ ሙከራ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን ፍግ የሚጣልበት መደብ፣ ምንም ከማይጣልበት ጎረቤቱ ከእጥፍ በላይ ካርቦን ይዟል። ሁለት በሬና አንዲት ላም ላለው ገበሬ 35 ቶን የማይታሰብ ስለሆነ ይህ ብዙም ላይገርም ይችላል። የሚገርመው ሁስፊልድ የተባለው ሌላው ማሳ ነው። እዚያ አንዱ መደብ ከ1852 እስከ 1871 ብቻ ፍግ ተጣለበት፤ ከዚያ ወዲህ አንድ አካፋ አልተጨመረበትም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲለካ፣ ፍግ ነክቶት ከማያውቀው ጎረቤቱ የበለጠ ካርቦን ተገኘበት። ቅድመ አያት የጣለው ፍግ ለልጅ ልጅ ልጅ ደረሰ ማለት ነው።

◆ ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ታዲያ ፍጉ የት ገባ? ብዙው ምድጃ ውስጥ። እንጨት በጠፋበት ደጋ እበቱ ማለዳ ከበረት ይዛቃል፣ ጭድ ገብቶበት ይለወሳል፣ በእጅ ይጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ተከምሮ የክረምቱን ማገዶ ይጠብቃል። ተሸክሞ ገበያ የሚወጣውም ብዙ ነው። እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ የኩበቱ ካርቦን አየር ላይ ነው፣ ናይትሮጅኑም ተከትሎታል። አመዱ ውስጥ ፖታሽ፣ ፎስፈረስና ካልሲየም ይቀራል፤ እሱም ሩቅ ማሳ አይሄድም፣ ጓሮ ይደፋል።

ገበሬው ይህን አጥቶት አይደለም። ባለሙያ መጥቶ «ኩበት አታንድዱ፣ ፍጉን ማሳ ላይ ጣሉ» ሲል የቤቱ እመቤት ምን ታንድድ የሚለውን ካልመለሰ ምክሩ ከደጅ አያልፍም። የማገዶ ዛፍ፣ የተሻሻለ ምድጃ፣ ባዮጋዝ፦ የአፈር ካርቦን ፖሊሲ ማለት በደጋው እነዚህ ናቸው። ባዮጋዝ ከእበቱ ካርቦን የተወሰነውን ለምድጃ ይወስዳል፤ ናይትሮጅኑና የቀረው ካርቦን ግን ከጉድጓዱ በሚወጣው ዝቃጭ ውስጥ ለማሳ ይተርፋል። በዚህ ረገድ ከኩበት እጅግ ይሻላል።

◆ በዚሁ ምክንያት የአንድ ገበሬ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ከቤት ሥር ያለው ጓሮ፣ ጌሾው፣ ጎመኑ፣ በቆሎው የሚበቅልበት፣ አመድና የቤት ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ ነው፤ ከቤት በተራቀ ቁጥር አፈሩ እየገረጣ ይሄዳል። እንሰት በሚተከልበት አገር፣ በጉራጌም ሆነ በሲዳማ፣ ፍግ በየጊዜው ተሸክሞ እንሰቱ ሥር መጣል የቆየ ልማድ ስለሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ዝቅ ብለው አንድ አንድ እፍኝ አፈር ከጓሮና ከሩቅ ማሳ ቢያነሡ ላቦራቶሪ ሳይሄዱ ያውቁታል፦ የጓሮው እርጥብና ፍርፍር ነው፣ የሩቁ ሲጨብጡት ጓል ሆኖ ይቀራል ወይም ዱቄት ሆኖ ይበተናል።

◆ ገለባም እንደ ፍጉ ባለቤቱ ብዙ ነው። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፣ የቤት ምርጊት ጭቃ ያጠብቃል፣ ገበያ ይሸጣል፤ የማሽላና የበቆሎ አገዳ ማገዶና አጥር ነው። ከመኸር በኋላ የቀረውን ቃርሚያ ደግሞ የአገሩ ከብት ሁሉ ገብቶ ይግጠዋል። ለአፈሩ የሚደርሰው ሥሩ ነው።

◆ ደግነቱ ሥር ቀላል ነገር አይደለም። ከሥር የሚገኝ ካርቦን አፈር ውስጥ የመቆየት ዕድሉ ከግንድና ከቅጠል ከሚገኘው ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሆነ በሙከራ ታይቷል። ሲበቅል ጀምሮ ከሸክላው ጋር ተቆላልፎ ነው የሚኖረው፤ ጥልቀቱም ይረዳዋል። ብዙ ዓመት የሚቆይ ሣር፣ ቡናና እንሰት ከዓመታዊ ሰብል የሚበልጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

◆ ብስባሽ ለመሥራት ካርቦን ብቻ አይበቃም። በአፈር ብስባሽ ውስጥ ለ12 ክፍል ካርቦን 1 ክፍል ገደማ ናይትሮጅን አለ። አንድ ቶን ካርቦን በአፈር ለማስቀመጥ 80 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አብሮ መታሰር አለበት፤ በዩሪያ ቢተመን ከ170 ኪሎ በላይ ነው። ያለ ናይትሮጅን ገለባ ብቻ መቅበር አፈሩን ለጊዜው ያስርበዋል፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። ባቄላ፣ ሽምብራና ጓያ ከስንዴና ከጤፍ ጋር ማፈራረቅ የሚረዳው ናይትሮጅኑን ከአየር በነጻ ስለሚያመጡ ነው። «ካርቦን ማከማቸት ወጪ የለውም» የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ይዘሉታል።

◆ ጤፍ አፈር ውስጥ ፊርማውን ይተዋል። ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ካርቦን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ከስንዴ፣ ከገብስና ከጫካ ዛፍ የተለየ ነው፤ በዚህም ምክንያት ክብደቱ ከፍ ያለው የካርቦን ዓይነት፣ ካርቦን 13 የሚባለው፣ በእነሱ ውስጥ ያለው ድርሻ ከዛፉ ይለያል። ጫካ ተመንጥሮ ጤፍ ወይም በቆሎ በተዘራበት ማሳ ላይ ይህን የለካ ተመራማሪ፣ አሁን ካለው ካርቦን ምን ያህሉ የድሮው ጫካ ቅርስ፣ ምን ያህሉ የሰብሉ እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። ገና ከጅምሩ ምርት የሚሰጠው መሬት ብዙ ጊዜ እየበላ ያለው የጫካውን ውርስ ነው።

◆ ጫካ ተመንጥሮ ሲታረስ በሞቃታማው የዓለም ክፍል አፈሩ ከሩብ እስከ 40 በመቶ የሚሆን ካርቦኑን ያጣል። ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። መልሶ ማግኘቱ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል፤ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስም ይቆማል።

◆ ስለ ማረስ ብዙ ይባላል። ሞፈርና ቀንበራችን እንደ ትራክተር ማረሻ አፈሩን አይገለብጠውም፣ ይሰነጥቀዋል እንጂ፤ ጥልቀቱም 15 እና 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ግን ለጤፍ ከገመሳው ጀምሮ እስከ ዘሩ አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ በታረሰ ቁጥር ተሸሽጎ የነበረ ብስባሽ ለተሕዋስያን ይጋለጣል፣ ውኃም ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል።

ይህ ማለት ማረስ ቢቀር ካርቦን ይከማቻል ማለት ነው? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተመራማሪው ዴቪድ ፓውልሰንና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት፣ ያለማረስ ትልቁ ውጤት ካርቦኑን ወደ ላይኛው አፈር ማሰባሰብ ነው፤ ከሥር ያለው ሲጨመርበት ትርፉ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሆኖ ይገኛል። ላይ ላዩን 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የለካ ሰው ተደስቶ ይመለሳል። እኔ ያለማረስን ጥቅም አልክድም፦ እርጥበት ይጠብቃል፣ መሸርሸር ይቀንሳል፣ በሬ ለሌለው ገበሬ እፎይታ ነው። ለአየር ንብረት ተብሎ የሚነገርለት ግን ተጋኗል፤ ገለባው ለከብት ሄዶ መሬቱ ራቁቱን በሚቀርበት አገር ደግሞ የባሰውን ተጋኗል።

◆ ተመራማሪው ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ ባሰላው መሠረት የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በዓመት ይሸረሸርበታል። አፈሩ 1.5 በመቶ ካርቦን ቢኖረው 630 ኪሎ ካርቦን በአንድ ዓመት ከአንድ ሄክታር ሄደ ማለት ነው፤ ጎርፍ ቀድሞ የሚያነሣው ቀላሉንና ብስባሽ የበዛበትን ስለሆነ ሊበልጥም ይችላል። ሁሉም አየር ላይ አይወጣም፤ ከፊሉ ግድብና ሸለቆ ሥር ተቀብሮ ይቆያል። ለገበሬው ግን ያው ነው። የኮንሶን እርከን ዩኔስኮ በ2011 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፤ እዚያ ድንጋዩ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት አቅፎ ያቆየው አፈር ካርቦኑንም አብሮ አቆይቷል።

◆ በአንዳንድ የደጋ ገብስ አገሮች ገበሬዎች አፈሩን ከሣርና ከፍግ ጋር ቆልለው ያቃጥሉ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ፎስፈረስ ስለሚፈታ ገብሱ ያምር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ብስባሹ ስለተቃጠለ መሬቱ ለዓመታት ማረፍ ነበረበት።

◆ በክረምት ቅጠሉን የሚያራግፍ፣ በበጋ የሚለመልም ዛፍ አለ። ፌድሄርቢያ የሚባለው የግራር ዘመድ በቢሾፍቱና በሐረርጌ ማሳዎች ላይ የሚታየው ለዚሁ ነው፦ ሰብሉ ብርሃን በሚፈልግበት ጊዜ አይጋርደውም፣ ናይትሮጅን ያመጣል፣ ቅጠሉን እዚያው ያራግፋል፣ ጥላ ፈልጎ የሚተኛው ከብትም ፍጉን ከሥሩ ይጥላል። በዛፉ ሥር ያለው አፈር ካርቦን ከሜዳው የበለጠ ነው። ዋንዛና ብሳናን ማሳ ላይ የሚተው ገበሬም ነገሩን ያውቀዋል።

◆ ከሰል አፈር ውስጥ ለመቶዎችና ለሺህ ዓመታት ይቆያል። በአማዞን ደን የጥንት ነዋሪዎች ከሰል፣ አጥንትና የምግብ ትርፍራፊ የጣሉበት ጥቁር አፈር፣ ቴራ ፕሬታ የሚሉት፣ ዛሬም ከአካባቢው ለም ነው።

◆ ካርቦን ሁሉ ብስባሽ አይደለም። በደረቅ አገር አፈር ውስጥ ኖራ መሰል ድንጋይ ሆኖ የተቀመጠ አለ፤ በ2024 የወጣ ጥናት እስከ ሁለት ሜትር ጥልቀት 2,305 ቢሊዮን ቶን ገደማ ገምቶታል። ማዳበሪያ አፈሩን ሲያኮመጥጠው እሱም መሟሟት ይጀምራል።

◆ የፈረንሳይ የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ስቴፋን ለ ፎል በ2015 በፓሪሱ ጉባኤ ወቅት «ከሺህ አራት» የሚባል ዘመቻ አስጀምረዋል። የዓለም አፈር ካርቦን በየዓመቱ ከሺህ አራት እጅ ቢጨምር በአየር ላይ የሚከማቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ ይቀንሳል የሚል ነው። በ36 ቶኑ ሄክታራችን ብናሰላው በዓመት 144 ኪሎ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ኩበት በሚነድበትና ገለባ በሚሸጥበት ቤት ግን ከየት ይምጣ?

◆ በአፍሪካ ከእርሻ አፈር የተገኘ የመጀመሪያው የካርቦን ሽያጭ ማረጋገጫ የተሰጠው በ2014 ለምዕራብ ኬንያ ገበሬዎች ነው። ቪ አግሮፎረስትሪ የተባለው የስዊድን ድርጅት በዓለም ባንክ ድጋፍ ያስተባበረው ነበር፤ መጀመሪያ የተረጋገጠው 25 ሺህ ቶን የማይሞላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በሺዎች ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እዚህ ግባ አይባልም። ገበሬውን ያቆየው የበቆሎው ምርት መጨመሩ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

◆ ለመሆኑ ካርቦኑ እንዴት ይለካል? በብዙ የአፈር ላቦራቶሪዎች ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ ዎክሊና ብላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1934 ያወጡት ነው። ዘዴው የሚጠቀምበት ኬሚካል ካርቦኑን ሙሉ በሙሉ ስለማያቃጥለው ውጤቱ በ1.3 ገደማ ይባዛል። ይህ ማባዣ ለሁሉም አፈር እኩል አይሠራም። ጥልቀቱም አለ፦ እስከ አንድ ሜትር ካለው ካርቦን ግማሽ ያህሉ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች ነው፣ የሚለካው ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው። እፍግታውም አለ፦ ከብት የረገጠውና የጠቀጠቀው አፈር በዚያው ጥልቀት ብዙ አፈር ስለሚይዝ፣ ምንም ሳይጨምር ካርቦኑ የጨመረ ያስመስላል። አንድ ቀን የካርቦን ነጋዴ ቀበሌዎ ከመጣ፣ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚቆፍር፣ አፈሩን ይመዝን እንደሆነና ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ እንደሚለካ ይጠይቁት፤ ውሉ ላይም ያስጽፉት።